ባለ ሦስት ስርጉድ ቀንበር

ዘመኑ ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ ቀኑ ግንቦት ሃያ ሦስት፣ ቅዳሜ ነው። ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ደመና ቋጥሯል፤ ጠብ ግን አላለም።

አባትዬው ከቤቱ ጥላ ሥር ቀንበሩን ጭኑ ላይ አጋድሞ የደረቀውን ምራን በሞራ ያሻል። ምራን ሞፈሩን ከቀንበሩ ጋር የሚያስረው ጠፍር ነው፤ ካልለሰለሰ በእርሻ ሰዓት ይበጠሳል። ሰውየው ከሦስተኛ ክፍል ወጥቶ ከእርፍ ጋር ያረጀ ገበሬ ነው። ቃል እንደ ዘር እህል ይቆጥባል። ልጁ ትርንጎ ግን ዓርብ ማታ ከአዲስ አበባ ከመጣች ጀምሮ አፏ አላረፈም።

«እንግዲህ አባባ፣ እኛ የምንሠራው ለክሊኒኮች የቀጠሮ አፕ ነው። በሽተኛው በስልኩ ቀጠሮ ይይዛል፤ ክሊኒኩ ዛሬ ማን እንደሚመጣ በኮምፒውተር ያያል። ምን እንደሚጨመርበት፣ የቱ እንደሚቀድም የምወስነው እኔ ነኝ። ፕሮግራሙን የሚጽፉት ልጆች በየሁለት ሳምንቱ አንድ ነገር ጨርሰው ያወጣሉ። ደንቡ እንዲያ ነበር። አሁን ናሁሰናይ የሚባል የሽያጭ ኃላፊ መጥቶ በሄደበት ሁሉ ቃል ይገባል። አንዱ ክሊኒክ ዝርዝሩ ጠዋት ጠዋት በወረቀት ታትሞ ይውጣልኝ አለ፤ እሺ አለው። ሌላው ዝርዝሩ በመልእክት ስልኬ ላይ ይግባ አለ፤ እሺ አለው። አንዷ ደግሞ ገጹ በራሱ እንዳይቀየርብኝ ይቆለፍልኝ አለች፤ እሷንም እሺ። አሁን አንድ ትልቅ ሆስፒታል በስሙና በዓርማው ያጌጠ፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ስክሪን ይሠራልኝ ብሏል። ሁለት ወር ይበላል። ሰኞ መልስ ስጪ ተብያለሁ።»

አባቷ ምራኑን ገልብጦ ማሸቱን ቀጠለ።

«ልጆቹ ደክመዋል። አሥራ አንድ ነገር ተጀምሮ አንዱም አላለቀም። ትንንሾቹ ክሊኒኮች ደግሞ አንድ በአንድ ጥለውን እየሄዱ ነው፤ ለምን እንደሆነ አይናገሩም። እሺ ብል ሥራው ይሞታል። እምቢ ብል ደንበኛ የሚያመጣልን ሰው ይቀየመኛል፣ ሆስፒታሉም ይሄዳል። እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጋሉ?»

«ጨረስሽ?»

«ጨረስኩ።»

«እንግዲያው አፍሽን አሳርፊው፤ ጆሮሽን ክፈቺ።»

ከዚያ ቀጠለ።

አንድ ሽማግሌ ነበረ፤ ቀንበር ጠራቢ ነበር። መሬት የለውም፣ በሬ የለውም። ያለው ጠገራ፣ መሮና ሁለት እጅ ነው። ዋንዛ ይቆርጣል፣ በጥላ ያደርቃል፣ ይጠርባል። በሳምንት አራት ቀንበር ያወጣል፤ ቀንበሩ የበሬ ጫንቃ አይልጥም ይባልለት ነበር። ሰው ፊት ግን አንደበቱ ይታሰራል። ገበያ ቆሞ ግዙኝ ከማለት ፍም ቢጨብጥ ይቀለው ነበር።

ስለዚህ ገበያውን የሚወጣለት የሚስቱ ወንድም ነበር። ይህ አማቹ ጥሩ ሰው ነው፤ ብርቱ ነው፤ ግን ላም ባልዋለበት ኩበት የሚለቅም ዓይነት ነው። ገበያ ሲወጣ አራት ቀንበር ይዞ ይሄዳል፣ ሲመለስ ስምንት ቃል ተሸክሞ ይመጣል።

በዚያ ዓመት፣ በጥር፣ የከብት በሽታ ገብቶ በሬ ፈጅቶ ነበር። ጠራቢው ወሬውን ሰምቷል። ነገር ግን በሬ የሌለው ሰው የበሬ ሞት ጆሮው ላይ ይቀራል፤ ሆዱ አይገባም። እሱ የሚያውቀው ከበሽታው በኋላ ሰዉ በቀንበር ላይ አመል ማውጣቱን ብቻ ነው።

በመጋቢት አንድ ቅዳሜ አማቹ ከገበያ ተመልሶ ገና ከበር «አያ! ትእዛዝ መጥቷል» አለ።

«ምን?»

«ከወንዝ ማዶ አንድ ገበሬ፣ የግራው ክንፍ በአንድ ስንዝር የረዘመ ቀንበር ጥረብልኝ ይላል።»

«ለምን ይረዝማል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? እሺ ብዬዋለሁ።»

ጠራቢው ጠረበ። በሁለተኛው ቅዳሜ ሌላ ገበሬ አንድ ጎኑ የሳሳ ቀንበር ፈለገ። በሦስተኛው አንዱ በቀኝ በኩል የበግ ቆዳ ይሰፋበት አለ፤ አንዱ ደግሞ የበሬውን አንገት ግራና ቀኝ የሚይዙት ማነቆዎች ባንድ ወገን አጭር ይሁኑልኝ አለ። አማቹ ለሁሉም ቃሉን ሰጠ። የሰው ፊት ሲፈካ ማየት ይወዳል፤ ፊቱን ያፈካለትን ሁሉ ወዳጁ ያደርጋል።

ጠራቢው ጠዋት የጀመረውን ቀትር ላይ ይጥላል፤ ቀትር ላይ የጀመረውን ማታ ይጥላል። ጎበጥ ያለው፣ የሳሳው፣ የረዘመው ቀንበር ግድግዳው ላይ ተደገፈ። ግንቦት ሲገባ አሥራ አንድ ነበሩ፤ አሥራ አንዱም ግማሽ ናቸው። ሚስቱ አልፋ በሄደች ቁጥር ቀሚሷን እየያዟት፣ «ይኼ ቤት ነው ወይስ ቀንበር የታመመበት ሐኪም ቤት?» ትለው ነበር።

በዚህ ላይ አማቹ አንድ ቅዳሜ እየሮጠ መጣ።

«አያ፣ ዛሬ ጸሎታችን ሰመረ! ሀብታሙን ሰውዬ ታውቀዋለህ? ባለ አሥር ጥማዱን? አሥር ቀንበር አዘዘ! አሥር! ጫፍ ጫፉ ነሐስ የለበሰ። ደቦ ሲወጡ ከሩቅ ሲያብለጨልጭ የማን በሬ እንደሆነ ይለይ ይላል። ዝናብ ሳይጥል አደርስልሃለሁ ብዬ ማልኩለት።»

«ማልክ?»

«በእናቴ።»

ጠራቢው ግድግዳውን አየ፣ ሰማዩን አየ። ነሐሱ ብቻ አንጥረኛ ዘንድ ሦስት ሳምንት ይቆያል። ዝናቡ ደግሞ ሦስት ሳምንት የሚታገሥ አይመስልም። ቀንበር ያዘዙት ሁሉ ያለ ቀንበር ሊቀሩ ነው፤ ቀንበር የሌለው አያርስም፤ በሰኔ ያላረሰ በኅዳር የሚያጭደው የለውም። ይህን ሁሉ ያውቃል። ግን እሺም እምቢም ለማለት አንደበቱ አልፈታ አለና ጠገራውን አነሣ።

ሰኞ ጠዋት የመጀመሪያው ዝናብ ጣለ። መሬቱ ራሰ። ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ አንድ ሰው በሩን በእግሩ ገፍቶ ገባና አንድ ቀንበር መሬት ላይ ወረወረ። ያ የግራ ክንፉ በስንዝር እንዲረዝም ያዘዘው የወንዝ ማዶ ገበሬ ነበር።

«ይኼ ቀንበር አይረባም!»

ጠራቢው ቀንበሩን አንሥቶ በስንዝሩ ለካ። «ባዘዝከው ልክ ነው። ግራው ይርዘም አላልክም?»

«ያኔ ግራው ነበር። አሁን ቀኙ ይርዘም።»

«በሬዎችህ ቦታ ተለዋወጡ?»

«በሬ ቦታ ይለዋወጣል እንዴ? ግራ የለመደ በሬ እስኪሞት ግራ ነው! ይኼም ጠፍቶህ ነው ቀንበር የምትጠርብ?»

«ታዲያ ምን ተለወጠ?»

ገበሬው ዓይኑን ወደ ግድግዳው አዞረ። «ጥረብ ስትባል ጥረብ። ጠራቢ ነህ ወይስ የነፍስ አባቴ?»

እዚህ ላይ ነው ነገሩ። ጠራቢው ሰው ፊት የሚያፍር ሰው ነው፤ ስለዚህ ያፈረ ሰው ሲያይ ያውቃል። ይህ ገበሬ የተቆጣ ይመስላል እንጂ አፍሯል። ቀንበር ያሳፍራል እንዴ? ጠራቢው ጠገራውን አስቀመጠ። መሮውን መቀነቱ ውስጥ ሻጠ። ገበሬው ወጥቶ ሲሄድ ከኋላው ተከተለው።

«ወዴት ነው?» አለ ገበሬው ወንዙ ዳር ሲደርሱ።

«ወደ ማሳህ።»

«ምን ልትሠራ?»

«ስታርስ ላይ።»

«ሰው ሲያርስ አይተህ አታውቅም?»

ጠራቢው አሰበ። አራት ሺህ ያህል ቀንበር ጠርቧል። «አላውቅም» አለ። «ከጠዋት እስከ ቀትር ቁጭ ብዬ አይቼ አላውቅም።»

ገበሬው በንዴት ሳቀ። ወንዙን ተሻገሩ።

ጠራቢው ከማሳው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ገበሬው የተዋሰውን ሌላ ቀንበር አውጥቶ በሬዎቹን ጠመደ። በግራ አንድ ግዙፍ ቀይ በሬ ቆመ። በቀኝ የቆመው ግን በሬ አይባልም፤ ቀንዱ ገና ጣት የሚያህል ጥቁር ወይፈን ነው። ጅራፉ ጮኸ። ቀዩ በሬ ወደ ፊት ሲሄድ ወይፈኑ ወደ ኋላ ቀረ፤ ቀንበሩ እንደ ተዘነበለ ሚዛን ተጣመመ፤ ማረሻው ከትልሙ ወጥቶ መሬቱን ላይ ላዩን ጫረው። አሥር እርምጃ ሳይሄዱ ወይፈኑ ተንበረከከ። ገበሬው ወይፈኑን አላየም፤ ያየው ጠራቢውን ነበር፤ ፊቱ ከቀዩ በሬ ብሶ ቀላ።

ጠራቢው ወደሚቀጥለው ማሳ አንገቱን አዞረ። አንድ ሽማግሌ በሬ ከአንድ ጎረምሳ በሬ ጋር ተጠምዷል። ከዚያ ማዶ አንድ ሻኛው የወደቀ ከሲታ ከአንድ ወፍራም ጋር። ተነሥቶ ድንጋዩ ላይ ቆመ። በሜዳው ላይ አሥራ ዘጠኝ ጥማድ ቆጠረ፤ አሥራ አራቱ አቻ ያልሆኑ ናቸው።

መቀናጆ! ልቡ ዘለለ። በሬ የሞተበት ሁሉ በሬ ከሞተበት ጎረቤቱ ጋር አቀናጅቷል። አንድ በሬ ያንተ፣ አንድ በሬ የኔ፤ ዛሬ ያንተን ማሳ፣ ነገ የኔን። ጎረቤት በተጣላ ቁጥር ደግሞ ጥማዱ ይፈርሳል፣ ሌላ በሬ ይመጣል። ለዚህ ነው ትናንት ግራው፣ ዛሬ ቀኙ ይርዘም የሚባለው! የሳሳውም፣ የበግ ቆዳውም፣ ያጠረው ማነቆም ለአንድ ነገር ነው፤ ከግዙፍ ጋር ለተጠመደ ደካማ ነው! ነገር ግን በገበያ መሃል ቆሞ በሬዬ ሞቶብኝ የሰው ወይፈን ለምኜ ነው የማርሰው የሚል ገበሬ የለም። ያ ቃል ከአፉ ቢወጣ ልጁን የሚድርለት የለም። ቀንበሩን ይወቅሳል። ደግሞ እያንዳንዱ ለሕመሙ መድኃኒቱን ራሱ ቀምሞ፣ ሕመሙን ደብቆ ይመጣል። አማቹም መድኃኒቱን ይዞ ይሮጣል።

«ቁም!» ብሎ ጮኸ ጠራቢው። በዕድሜው እንዲያ ጮኾ አያውቅም። ማሳው ውስጥ ገባና ሞፈሩና ቀንበሩ የሚገናኙበት ላይ ጎንበስ አለ። ምራኑ ቀንበሩ መሃል ላይ ባለችው አንዲት ስርጉድ ውስጥ ታስሯል። ፈታው። አራት ጣት ያህል ወደ ቀዩ በሬ ገፋው፣ አጥብቆ አሰረው።

«እስቲ ንዳ።»

ገበሬው ነዳ። ቀዩ በሬ ተጫነው፤ ትከሻው ወጣ። ወይፈኑ ቀለለው፤ ክንፉ በእሱ በኩል ረዝሞለታል። ቀንበሩ ተስተካከለ። አንድ፣ ሁለት፣ አምስት እርምጃ፤ ማረሻው ጠለቀ። ከዚያ ምራኑ ተንሸራቶ ወደ መሃሉ ስርጉድ ተመለሰና ሁሉም እንደ ነበረው ሆነ።

«ስርጉድ ነው የጎደለው!» ጠራቢው ከመቀነቱ መሮውን መዘዘ። «ፍታቸው! ፍታ!»

«ምን ልታደርግ ነው? የሰው ቀንበር እኮ ነው!»

«አዲስ እሰጠዋለሁ!»

ቀንበሩን ጭኑ ላይ አጋድሞ፣ ድንጋይ መዶሻ አድርጎ፣ መሮውን መታ። ፍቅፋቂው ጭቃው ላይ ረገፈ። በግራ አንድ ስርጉድ፣ በቀኝም አንድ። ከመሃሏ ጋር ሦስት። ጠመዱ። ምራኑን በግራዋ ስርጉድ አሰሩ። ገበሬው ጅራፉን ሳያነሣ በአፉ ብቻ ሀይ አለ።

ትልሙ ቀጥ አለ! ከዳር እስከ ዳር፣ እንደ ክር! ገበሬው ከማሳው ጫፍ ሆኖ «እሰይ! እሰይ!» እያለ ጅራፉን ወደ ሰማይ ወረወረው። ከግራና ከቀኝ ሰው ማረሻውን ትቶ መጣ። መጥተው ቀዩን በሬ አዩ፣ ወይፈኑን አዩ፣ ሦስቱን ስርጉዶች አዩ። ማንም አልሳቀም። አንዱ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «የኔም ወይፈን ነው» አለ። ሌላው፣ «የኔ በጥር ሁለቱም ነው ያለቁብኝ» አለ። ከጥር ጀምሮ ያልተነገረው ሁሉ በአንዲት ቁራጭ እንጨት ዙሪያ ተነገረ።

ጠራቢው አልጠበቀም፤ ወደ ቤቱ ሮጠ። ሽማግሌ ሲሮጥ ሰው ሞቷል ማለት ነውና በየደጁ ሴቶች እየወጡ «ማን ሞተ? ማን ሞተ?» አሉት። «ማንም! ማንም አልሞተም!» እያለ አለፈ። ቤቱ ገብቶ ግድግዳው ላይ የተደረደሩትን አሥራ አንዱን ግማሾች አወረደ። የረዘመውን ቆረጠ፣ የጎበጠውን አቀና፣ የማይረባውን ማገዶ አደረገ። በቀሩት በእያንዳንዱ ላይ ሦስት ስርጉድ። ሚስቱ ፋኖስ ያዘችለት።

ሐሙስ አማቹ መጣ። የተደረደሩትን ባለ ሦስት ስርጉድ ቀንበሮች አየ።

«የሀብታሙስ ነሐስ?»

«የለም።»

«ቃሌን ሰጥቻለሁ እኮ!»

«ቃልህን ሰጠህ። እጄን ማን ሰጠህ?»

አማቹ ተቀመጠ። ጠራቢውም አጠገቡ ተቀመጠ፤ መቼም ያን ያህል ተናግሮ አያውቅም። «ስማኝ። አታስፈልገኝም አላልኩም። ያንተ እግር የኔ እግር የማይደርስበት ይደርሳል፤ ያንተን ጆሮ ባጣ እንጨት ብቻ ነው የሚቀረኝ። ግን ከእንግዲህ ምን እንደጠየቁ ብቻ ይዘህልኝ አትምጣ። ማሳው ላይ ምን እንደሆኑ ጠይቀህ ና። እሺም እምቢም አትበል። አይተን እንመለሳለን በላቸው፤ ከዚያ አብረን እንሄዳለን። አንድ ዓይነት ሕመም ላላቸው ለእያንዳንዳቸው አንድ ጠጠር ባንድ ቅል ውስጥ እንጥላለን። ቶሎ የሞላውን ቅል እኔ አስቀድሜ እጠርባለሁ። የጀመርኩትን ሳልጨርስ ሌላ አልነካም።»

«ሀብታሙንስ ማን ይነግረዋል? እኔ በእናቴ ምያለሁ።»

«እኔ።»

ሄደም። ከሀብታሙ ሰውዬ ደጃፍ ቆሞ፣ «ነሐሱ ከዘር በኋላ ነው፤ ቀንበር ብቻ ከሆነ ግን በተራዎ አሥሩን እሰጥዎታለሁ» አለው። ሀብታሙ ከት ብሎ ሳቀ፣ ከዚያ ተቆጣ፣ ከዚያ ሌላ ጠራቢ ዘንድ ሄደ። እስከ ዛሬም አልተመለሰም። ነሐሱ በደቦው ላይ አብለጭልጯል ይባላል። አማቹም በዚህ የተነሣ ወር ሙሉ አኩርፎ ነበር።

ግን አሥራ አራቱ ጥማዶች በወቅቱ አረሱ። ሁሉም በወቅቱ ዘሩ። በኋላ ገበያው ባለ ሦስቱን ስጡን ይል ጀመር፤ አማቹም ማንንም ሳያባብል፣ እጁን አጣምሮ፣ ጨርሰናል፣ ሳምንት ኑ ሲል ዋለ። ለሻጭ ከዚያ የሚበልጥ ደስታ የለም።

አባትዬው ይህን ተናግሮ ምራኑን በቀንበሩ ላይ ጠመጠመው። ከዚያ ወደ ልጁ ዞረ።

«አንቺ ጠራቢው ነሽ። ያ ሽያጭ የምትይው ልጅ አማቹ ነው። አትጣዪው፤ ግን እጅሽን አትስጪው። የታተመ ወረቀት፣ በስልክ መልእክት፣ ቆልፊልኝ የሚሉሽ ሁሉ መድኃኒት ነው የሚጠሩልሽ። ሕመሙን ማንም አልነገረሽም። ያ ሆስፒታል ሕመም ያለው አይመስለኝም፤ የፈለገው ነሐስ ነው። ነሐስ ኃጢአት አይደለም፤ ግን ከዘር በኋላ ነው። ሊሄድ ይችላል። የሄደ ይሂድ። አንቺ ግን እነዚያ ትንንሾቹ ሲያርሱ ቁጭ ብለሽ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ትርንጎ አላየችም። ሁለት ዓመት ስትሠራ አንድም ጠዋት ክሊኒክ ውስጥ ቁጭ ብላ አታውቅም።

«አዩ አባባ፣ ሰዎቹ እኮ ሲጠየቁ ምክንያቱን አይናገሩም።»

«አይናገሩም። እኔም አልተናገርኩም።»

«እርስዎ?»

«ቀንበሩን የወረወርኩት እኔ ነኝ። አንቺ ሳትወለጂ። ወይፈኑ የአጎትሽ ነበር።»

ቀንበሩን ወደ እሷ ገፋ አደረገው። ትርንጎ መሃሉን ዳሰሰችው። ሦስት ስርጉድ። በልጅነቷ ጣቷን እየከተተች የምትቆጥራቸው ናቸው፤ ጌጥ ይመስሏት ነበር። የግራዋ ከሁለቱ ይበልጥ ተበልታለች።

አባቷ የመጀመሪያዋ ጠብታ ስትወርድ ቀንበሩን ተሸክሞ ወደ ቤት ገባ።

ትርንጎ ግን ነጠላዋን ራሷ ላይ ጣል አድርጋ በዝናቡ ውስጥ ኔትወርክ ወዳለበት ጉብታ ሮጠች። ናሁሰናይ በመጀመሪያው ጥሪ አነሣ።

«ትርንጌ! እሺ ልትዪኝ ነው አይደል?»

«ለሆስፒታሉ ራሴ እነግራቸዋለሁ። ስክሪኑ አሁን አይሠራም።»

«ቃል ገብቻለሁ እኮ! ሰው ፊት ታዋርጂኛለሽ?»

«አላዋርድህም፤ ቃሉን የከለከልኩት እኔ ነኝ እላለሁ። የጀመርናቸውን አሥራ አንዱንም ዛሬውኑ አስቆማለሁ። ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ግን ትፈለጋለህ። ያቺን ገጹ ይቆለፍልኝ ያለችውን ክሊኒክ አንተ ነህ የምታውቃት፤ አብረን ሄደን እንቀመጣለን።»

«ልናሳያቸው ነው?»

«ልናይ ነው።»

ሰኞ ሁለት ሰዓት ከበሽተኞች ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ናሁሰናይ ሁለት ጊዜ ሊናገር ሲል በክርኗ ጎሰመችው። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ኔትወርኩ ጠፋ፤ ኮምፒውተሩ ላይ የነበረው የስም ዝርዝር ባዶ ሆነ። እንግዳ ተቀባይዋ ልጅ ግራና ቀኝ አየችና ከጠረጴዛው ሥር አንድ የተማሪ ደብተር ስባ አወጣች። የቀኑን ስም ሁሉ ከማለዳ ጀምሮ በእጇ ገልብጣው ኖሯል። ከደብተሩ ስም ጠራች። ትርንጎ ተነሥታ ስትጠጋ ልጅቱ ደብተሩን በክንዷ ሸፈነችው።

«እ… ይሄ ዝም ብሎ ነው» አለች። ፊቷ ቀላ። «ኮምፒውተሩን አልችልበትም እንዳይሉኝ ብዬ ነው።»

«ችለሽበታል። ያልቻልነው እኛ ነን» አለቻት ትርንጎ።

ናሁሰናይ ከኋላዋ ቆሞ ደብተሩን ያይ ነበር። «የታተመ ወረቀት ያሉትም ለዚህ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «በስልክ ይግባልኝ ያለውም።»

ትርንጎ ማስታወሻዋን ከፍታ ሦስቱን ጥያቄዎች ሰረዘቻቸው። በቦታቸው አንድ መስመር ጻፈች፦ ኔትወርክ ቢጠፋም ዝርዝሩ አይጥፋ። ገጹን ለናሁሰናይ ሰጠችውና ወደ ሆስፒታሉ ስልክ መታች።